የለውዝ ሻጯ ድምፅ

ድሬዳዋ ውስጥ ስለ ፊልም የሚያወራ ሰው ንግግሩን የሚጀምረው «በእኛ ቤት» ብሎ ነው። «በእኛ ቤት ሰውየው አይሞትም።» «በእኛ ቤት ግን ይሞትና ሚስቱ ወንድሙን ታገባለች።» ከዚያ በኋላ የሚጨመር ነገር ስለሌለ ሁለቱም ዝም ይላሉ። እኔ ኢዮስያስ እባላለሁ፤ ከዚራ ውስጥ ፀጉር አስተካክላለሁ። ሥራውን የጀመርኩ ጊዜ ወንበሬ ላይ የሚቀመጠው ሰው ሁሉ ፊልም ያወራ ነበር። ይከራከራል፣ ይሳደባል፣ አንዳንዱማ ጭንቅላቱ ግማሹ ተላጭቶ ግማሹ ሳይላጭ በንዴት ተነሥቶ ለመሄድ ይቃጣዋል። አሁን የሚያወራው ስለ ሙቀት ነው። ሙቀቱ በሁሉም ቤት አንድ ዓይነት ነው።

የፊልሞቹ እድሳት የሚደረገው በየዓመቱ ጳጉሜ ላይ ነው። ይህን የማያውቅ ሰው እንደሌለ አውቃለሁ፤ ግን እንዴት እንደለመድነው ሳስበው ስለሚገርመኝ ልጻፈው። በአምስቱ ቀናት ግድግዳችን ላይ ምንም ፊልም አይከፈትም። መስከረም አንድ ጠዋት ሲከፈት የገዛናቸው ፊልሞች በሙሉ ታድሰው ይጠብቁናል። የተዋንያኑ ፊት የዘንድሮ ፊት ይሆናል። መኪናቸው ይቀየራል። ያጨስ የነበረው ማስቲካ ያኝካል፣ ከድቶ የነበረው ይጸጸታል። ቤተሰቡ ዓምና ያለቀሰበት ቦታ ተለክቶ እንደየቤቱ ጠባይ ይረዝማል ወይም ይወጣል። እንኳን አደረሳችሁ ብሎ የሚገባ ጎረቤት ቀጥሎ የሚጠይቀው «የእናንተስ እንዴት ሆነ?» ብሎ ነው።

በሕይወቴ «ይህ ፊልም እንደገና ይሠራልኝ» ያለ ሰው አላጋጠመኝም። እምቢ ያለም ብዙ አላጋጠመኝም። የግዢ ወረቀቱ ላይ «ገዢ» ተብለን ተመዝግበናል፤ ምን እንደገዛን ግን ብንጠየቅ የምንመልሰው የለንም።

እድሳት የማይደርስበት አሮጌ ሲዲ ያለው ሰው ለአዳሾቹ አስረክብ ተብሎ አይገደድም፤ ይለመናል። ያስረከበ ሰው በዚያ ፊልም ውስጥ አንድ ነገር እንዲስተካከልለት ይጠይቃል፤ የጠየቀውም በሁሉም ቤት ይፈጸምለታል። ከበላዬ የሚኖረው ሰው የአባቱን ሲዲ ሰጥቶ በአንድ የጦርነት ፊልም ውስጥ የአባቱ ስም የጀግናው ስም እንዲሆን አድርጓል። መስከረም ላይ ድግስ ደግሶ አብልቶናል። ሲዲው ግን ከሄደበት አልተመለሰም፤ ተመልሶም አያውቅም።

ከሱቄ ሦስት በር ዝቅ ብሎ ረድዋን የሚባል ወዳጄ አሮጌ ዕቃ ይጠግናል። ድሬ በቀትር እንደምትተኛ የታወቀ ነው፤ ከስድስት ሰዓት እስከ አሥር ሰዓት ሱቁ ይዘጋል፣ ሰው ሽርጡን አገልድሞ ጋደም ይላል። እሑድ እሑድ ግን ስምንት ሰዓት ላይ የረድዋን ሱቅ የጎን በር ገርበብ ይላል። የምንገባው አራት ነን። ረድዋን በከተማው ውስጥ የቀረውን የመጨረሻ ሲዲ ማጫወቻ ዴክ ከጨርቁ ያወጣዋል፣ በልብስ ብሩሽ አቧራውን ያራግፋል፣ ከዚያ አራታችን አንድ ዓይነት ነገር እናያለን።

ይህ ሲነገር ቀላል ነገር ይመስላል። ለእኔ ቀላል አልነበረም። የመጀመሪያው ቀን እኔ የሣቅሁበት ቦታ ላይ ከጎኔ ያለው ሰው አብሮኝ ሲሥቅ ደንግጬ ዞሬ አየሁት። ከቤቴ ውጭ እንደዚያ ሆኖብኝ አያውቅም ነበር።

ሲዲው የሂክማ ነው። ሂክማ ሰባ አራት ዓመቷ ነው፤ ጡረታ እስክትወጣ ድረስ ባቡር ጣቢያ ትኬት ትቆርጥ ነበር። እኔ ከደብረ ማርቆስ የመጣሁ ሰው ስለሆንኩ እሷን «አንቺ» ለማለት ስድስት ወር ፈጅቶብኛል። «እርስዎ» ባልኳት ቁጥር ዙሪያዋን እያየች «ከኋላዬ ማን ቆሟል?» ትለኝ ነበር። ድሬ አንቱታ አይወድም። ሲዲውን የገዛችው በአሥራ ሁለት ዓመቷ ከአዟሪ ላይ ነው። «የሐሙስ ባቡር» ይባላል፤ በ2006 ዓ.ም. እዚሁ ጣቢያ ላይ የተቀረጸ ነው። አንድ የባቡር ሠራተኛ በየሐሙሱ የሚያያትን ሴት ይወዳል፣ መጨረሻ ላይ ትቶ ይሄዳል። ከዚህ የበለጠ ነገር የለውም። እኔ በበኩሌ ከዚህ የበለጠ ፊልም አላየሁም።

አርባ አንደኛው ደቂቃ ላይ አንዲት ለውዝ ሻጭ ሳህኗን ራሷ ላይ አድርጋ በሐዲዱ ዳር ታልፋለች። ለአሥራ አንድ ሰከንድ ትታያለች። የሂክማ እናት ናት፤ ዘይነባ ትባላለች። ተዋናይ አልነበረችም፤ በየቀኑ እዚያው ለውዝ ትሸጥ ስለነበር እለፊ አሏት፣ አለፈች። ከሞተች አርባ ዓመት ሊሆናት ነው። በ2058ቱ እድሳት ከፊልሙ ወጣች። በእኔ ቤት በእሷ ቦታ ቀይ ጃንጥላ የያዘች ወጣት ትሄዳለች። ባሮክ ቤት ማንም የለም፤ ሐዲዱ ብቻ ይታያል።

ባሮክ አራተኛችን ነው። መድኃኒት ቤት አለው፤ ድምፁ ያምራል፣ ማማሩንም ያውቃል። ድምፅ ያልኩት ያለ ምክንያት አይደለም። ከአሥራ አንድ ዓመት በፊት የረድዋን ዴክ ድምፁ ጠፋ። ምስሉ ደህና ነው፣ ድምፅ ግን ጭራሽ የለም፤ ረድዋን ያልፈታው ብሎን አልነበረም። ሁለት እሑድ ዝም ብለን አየን። በሦስተኛው ባሮክ አላስችል አለውና የጀግናውን ንግግር ከአፉ እየቀደመ ይለው ጀመር። ከዚያ ወዲህ ተከፋፈልነው። ባሮክ ጀግናው ሆነ። እኔ የሴቲቱ አባት እና የትኬት ተቆጣጣሪው ነኝ። ረድዋን በዚያ ጎርናና ድምፁ ሴቲቱን ይሆናል፤ መጀመሪያ ሰሞን በሣቅ ሞተን ነበር፣ አሁን ግን ሴቲቱ ሌላ ድምፅ ሊኖራት ይችላል ብሎ ማሰብ ያቅተኛል። ሂክማ ያላት አንድ ቦታ ብቻ ነው። አርባ አንደኛው ደቂቃ ሲደርስ ቀና ትልና፣ «ለውዝ! ትኩስ ለውዝ! ባቡሩ ቢሄድ ለውዜ አይሄድም!» ትላለች። ከዚያ ተመልሳ ወንበሯን ትደገፋለች።

አንድ ቀን ሱቄ በር ላይ ሻይ ስንጠጣ ሂክማ ስለ እናቷ ሳልጠይቃት ነገረችኝ።

«ፊቷ አለኝ» አለች። «አረማመዷም አለኝ። ስትቆጣ እጇን ወገቧ ላይ የምታደርገው አለኝ። ድምፅዋ ግን ጠፋብኝ አቦ። እሑድ እሑድ እኔ ስጮህ የሷ ይመስለኛል፤ ወዲያው ደግሞ የራሴ መሆኑ ትዝ ይለኛል።»

«የተቀዳ ነገር የለም?» አልኳት።

«ያ ሲዲ ነው ያለው። እዚያ ውስጥ አለች፣ እኔ ነኝ የማልሰማት።»

ባለፈው ነሐሴ መጀመሪያ ላይ አንድ የሐረር ሰው የሚሸጥ ሁለት ዕቃ ይዞ መጣ። አንደኛው ድምፁ የሚሠራ ዴክ ነው። ሁለተኛው «የሐሙስ ባቡር» ራሱ ነው፤ ላስቲኩ ያልተቀደደ፣ ማንም ያልነካው ሲዲ። የእኛ አቅም ለአንዱ ብቻ ነው። ሰውየው እስከ ማግሥቱ ጊዜ ሰጠንና ሻይ ሊጠጣ ሄደ፤ እኛም ሱቁ ውስጥ ተፋጠጥን።

«ያለ ጥርጥር ሲዲውን ነው» አለ ባሮክ። «የሂክማ ሲዲ ተጫጭሯል። ነገ ቢሰነጠቅ ምን ይቀረናል? የታሸገውን ገዝተን እንቆልፍበት።»

«ቆልፈህስ?» አለው ረድዋን።

«ይኖራላ!»

«የማይታይ ፊልም ኖረ ይባላል እንዴ? ድንጋይም ቆልፈህ ማስቀመጥ ትችላለህ።»

«አንተ ዴክ ጠጋኝ ስለሆንክ ዴክ ነው የሚታይህ። እኔ የማስበው ለሃምሳ ዓመት ነው። አንድ ያልተነካ ቅጂ እዚህች አገር ላይ ይኑር ነው የምለው። እናየዋለን ብለን ከከፈትነው ያለንን ሁሉ እናጣለን!»

እኔ መጀመሪያ ባሮክን ደግፌ ነበር። ልክ ነዋ። ግን ሳየው ሌላም ነገር እንዳለበት ጠረጠርኩ፤ አሥራ አንድ ዓመት ጀግና ሆኖ የኖረ ሰው ጀግናው በራሱ አፍ እንዲናገር አይቸኩልም። ሂክማ ወንበሯን ወደ እኛ ሳበች።

«እኔ ሰባ አራት ዓመቴ ነው» አለች። «ያልተከፈተ ነገር የምገዛበት ዕድሜ የለኝም።»

ክርክሩ እዚያ ላይ አለቀ። እኔ ከሁለቱ የሱቄ ወንበሮች አንዱን ሸጥኩ፤ ሌሎቹም እንደዚሁ ያላቸውን አወጡ። የታሸገው ሲዲ ከሰውየው ጋር ሌላ ገዢ ፍለጋ ወደ ጅጅጋ ሄደ። ባሮክ በር ላይ ቆሞ በዓይኑ ሸኘው።

እሑድ ስምንት ሰዓት ላይ ዴኩን ከፈትነው። መጀመሪያ የባቡሩ ፊሽካ ተሰማ፤ ረድዋን እጁን አፉ ላይ አደረገ። ፊሽካ እንዳለው ረስተን ነበር። ወፍ አለ፣ የሰው ኮቴ አለ፣ ከሩቅ የሚጮህ አህያ አለ። እንባዬ መጣ፤ አልደበቅሁትም።

ከዚያ ሰዎቹ መናገር ጀመሩ። ነገሩ የገባን ቀስ በቀስ ነው። የሴቲቱ አባት የምለውን ግማሹን አይልም። ረድዋን ያቺን ሴት ኩሩ አድርጓት ነበር፤ «አለቅስልህ መስሎህ ነው?» እያለች ትገላምጠዋለች። እውነተኛዋ ሴት የምትለው «ትጽፍልኛለህ?» ብቻ ነው፤ እሱንም ቀስ ብላ ነው የምትለው። የስንብቱ ቦታ ሲደርስ ባሮክ ወንበሩ ጫፍ ላይ ተቀመጠ። እሱ እዚያ ቦታ ላይ ስለ ፍቅር፣ ስለ ሐዲድ፣ ስለ ሁለት ብረት ጎን ለጎን ሄዶ አለመገናኘት አንድ ሙሉ ንግግር ያደርጋል። ጀግናው ሴቲቱን አያት። እዚያ ቦታ ላይ ጀግናው ለእኛ ጀርባውን ሰጥቶ አፉ ስለማይታይ ባሮክ ያንን ሁሉ ቃል የሚያስገባበት ጊዜ ነበረው። ጀግናው ዝም ብሎ ቆየና፣ «ደህና ሁኚ» አለ። አንድ ጊዜ አሳለው፤ ከዚያ ሄደ።

ባሮክ ፊቱ ቀላ። «ይህን ሁሉ እኔ ነኝ ያመጣሁት?» አለ።

«ሁላችንም ነን» አልኩት።

በመጀመሪያዎቹ ሳምንታት በትክክል እናስታውስ ነበር፤ ይህን እርግጠኛ ነኝ። ከዚያ አንድ ቀን አንድ ቃል ጣል፣ ሌላ ቀን ሌላ ቃል ጣል። ማናችንም ለመለወጥ አላሰብንም። እድሳቱን በየእሑዱ ስንረግም፣ በየእሑዱ እኛው ስናድስ ኖረናል። አፍሬ ወለሉን አየሁ።

በዚህ መሐል አርባ አንደኛው ደቂቃ ደረሰ። ሂክማ እንደ ልማዷ ቀና አለች፣ አፏን ግን አልከፈተችም። እናትየው ሳህኗን ራሷ ላይ አድርጋ መጣች።

«ለውዝ አለ፣ ለውዝ» የሚል ድምፅ ተሰማ።

ቀጭን ድምፅ ነው። የአዲስ አበባ ሰው ድምፅ ነው። የድሬ ሴት ዕቃዋን እንዲያ አድርጋ አትጠራም። በምስሉ ላይ የዘይነባ አፍ ሲዘጋ ድምፁ አልጨረሰም ነበር። ደግሞም ያንን ድምፅ ሰምተነዋል፤ ስድስተኛው ደቂቃ ላይ ሻይ የምታቀርበው ሴት የተናገረችው በዚሁ ድምፅ ነው።

ረድዋን ዴኩን አቆመው። እሱ ነበር ማወቅ ያለበት፣ ማወቁንም ፊቱ ላይ አየሁት። «ጣቢያው ጫጫታ ስለነበር ነው» አለ። «ያኔ እንደዚያ ነበር የሚያደርጉት። ስቱዲዮ ገብተው አንድ ሰው የብዙዎቹን ይል ነበር። ሂክማ፣ ወላሂ ትዝ አላለኝም።»

ሂክማ ሻሿን አስተካከለች። «እሷ አይደለችም» አለች። «ድሮም ይህንኑ ነበር የምሰማው፤ በራሴ ጩኸት ሸፍኜ ረሳሁት።» እኔ ውሃ ላመጣላት ብዬ ተነሥቼ ብርጭቆው የት እንዳለ ጠፋኝ፤ ያንን ሱቅ እንደ እጄ መዳፍ አውቀዋለሁ።

የመጀመሪያውን ቃል ያወጣው ባሮክ ነው፤ የእድሳቱ ዋነኛ ጠላት፣ መስከረም አንድ ቀን ከሰው ጋር ላለማውራት ቤቱን ዘግቶ የሚውለው ባሮክ።

«ስሚኝ ሂክማ። ሲዲውን አስረክቢ።»

«ምን ነካህ አንተ ሰው?» አለው ረድዋን።

«ተወኝ፣ ልጨርስ። ጳጉሜ ሊገባ ሦስት ሳምንት ነው የቀረው። ያንቺን ድምፅ ይወስዳሉ፣ ከሱ የእናትሽን ያወጣሉ። እኅቴ ለአባታችን አስወጥታለች፤ እኔ ራሴ ሰምቼ ተንቀጥቅጫለሁ። አስተካክሉልኝ ብለሽ የምትጠይቂው አንድ ነገር ይህ ይሁን። እናትሽ ወደ ቦታዋ ትመለሳለች፣ በገዛ ድምፅዋ ትናገራለች፣ በሁሉም ቤት። በእኔ ቤት፣ በሱ ቤት፣ በመላ አገሩ። እኛ ፊልሙን እናጣለን። እንጣው! አሥራ አንድ ዓመት ምን ስናደርግበት እንደኖርን አሁን አየነው አይደል?»

እውነቱን ልናገር፣ የእኔ እናት ብትሆን ያኔውኑ ተነሥቼ እሰጠው ነበር።

«አንድ ሳምንት ስጡኝ» አለች ሂክማ።

በዚያ ሳምንት በየቀኑ በቀትር ወደ ረድዋን ሱቅ መጣች። ሰባ አራት ዓመቷ ነው፣ ነሐሴ ነው፣ ከሰፈሯ ከሳቢያን እስከ ከዚራ ባሉት ዛፎች ሥር እያረፈች በእግሯ ነው የምትመጣው። ፊልሙን አታየውም። ያቺ ባለ ቀጭን ድምፅ ሴት የምትናገርባቸውን ቦታዎች ብቻ ረድዋን እየፈለገ ይከፍትላታል፤ እሷ ዓይኗን ጨፍና ትሰማለች። መጀመሪያ ሁለት ቦታ ነበር የመሰለን፤ ሂክማ አራት አገኘች። ሻይ አቅራቢዋ፣ ለውዝ ሻጯ፣ መስኮት ላይ ሆና «ዝናቡ መጣ!» የምትል ጎረቤት፣ መጨረሻ ላይ ደግሞ ከባቡሩ ውስጥ ልጇን የምትቆጣ ሴት። በአራተኛው ላይ ሴትዮዋ እየተቆጣች ሣቅ ያመልጣታል። ለአንድ አፍታ ነው፤ ወዲያው ትይዘዋለች። ፊልሙን የሠሩትም ሳይሰሙት ያለፉት ይመስለኛል። እኔ ከሂክማ ጋር ሦስት ጊዜ ሰምቼ ነው የያዝኩት።

እሑድ ስምንት ሰዓት ላይ ሁላችንም ተገኘን። ባሮክ የማስረከቢያውን ወረቀት ይዞ መጥቷል፤ የሚሞላውን ሁሉ ሞልቶታል፣ የቀረው የሂክማ የጣት አሻራ ብቻ ነው። ሂክማ ወረቀቱን ተቀብላ ከላይ እስከ ታች አነበበችው። ሠላሳ ዓመት ትኬት የቆረጠ ሰው ወረቀት ሳያነብ አይፈርምም።

«ደግ ሰው ነህ» አለችው። «ይህን ለእኔ ብለህ ማምጣትህን አልረሳውም።»

ከዚያ ለሁለት አጥፋ መለሰችለት።

«ለምን?» አለ ባሮክ። «ሂክማ፣ ድምፅዋን ነው እኮ! ሌላ የትም አታገኚውም።»

«አውቃለሁ» አለች። «ሌሊቱን ሁሉ አልቅሼበታለሁ፣ ስለዚህ አታስለቅሰኝ። ያቺ ድምፅ የሰጠቻት ሴትዮ ስሟ እንኳን አልተጻፈም። እስከ መጨረሻው ፊደል ድረስ አየሁት፣ የለችም። ያለችው እዚህች ሲዲ ላይ ነው፤ በሌላው ቦታ ሁሉ አውጥተዋታል፣ እንደ እናቴ። ልጅ ይኖራት ይሆናል። ምናልባት እሱም እንደኔ ድምፅዋ ጠፍቶበት የሚሄድ ሽማግሌ ነው። የኔን እናት ላስገባ ብዬ የሱን እናት ላስወጣ?»

ስለዚያች ሴት ከሂክማ ሌላ ያሰበ አልነበረም። እኔ ሃያ ስምንት ዓመት የሰው ጭንቅላት ስይዝ ኖሬአለሁ፤ እንደዚህ ያለ ጭንቅላት ግን በእጄ አልፎ አያውቅም። ባሮክ ወረቀቱን ኪሱ ውስጥ ከተተና ወደ ግድግዳው ዞሮ ቆመ።

«በል ክፈተው» አለችው ሂክማ ረድዋንን። «ከነድምፁ።»

ከመጀመሪያው እስከ መጨረሻው አየነው። አንዳችንም አፋችንን አልከፈትንም። ለውዝ ሻጯ ስታልፍ ሂክማ እናቷን በዓይኗ ሸኘቻት፤ ያቺ ቀጭን ድምፅ «ለውዝ አለ፣ ለውዝ» ስትል ደግሞ፣ ለሰላምታ እንደሚደረገው፣ ጭንቅላቷን ዝቅ አደረገች። ሁለቱንም ነው ሰላም ያለቻቸው።

ጳጉሜ ገባ፣ ግድግዳዎቹ ጠቆሩ። በሁለተኛው ቀን ሂክማ ካርቶን ይዛ ወደ ሱቄ መጣች፤ ጽሑፍህ ይሻላል አለችኝ። እሷ እየነገረችኝ ጻፍኩትና በረድዋን በር ላይ ለጠፍነው። ዝናብ እንዳይነካው ባሮክ ከመድኃኒት ቤቱ ላስቲክ አመጣ። እስከ ዛሬ የመጣ ሰው የለም፤ ጽሑፉ ግን እዚያው አለ፤

«በ2006 ዓ.ም. ‹የሐሙስ ባቡር› በተባለው ፊልም ላይ ለለውዝ ሻጯ ድምፅ የሰጠችው ሴት ልጆች ካላችሁ፣ እሑድ በስምንት ሰዓት በጎን በር ግቡ። እናታችሁ እዚህ ናት።»